የንብ ሰም፣ ፓራፊን፣ ሶያ፦ አዲስ አበባ ላይ ቤት ውስጥ ሻማ ለሚሠራ ሰው ዝርዝር መመሪያ

ሻማ መሥራት ልማር ብሎ ዩቲዩብ የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሶያ ሰም ነው። ነጭ፣ ፍሬ ፍሬ፣ በኪሎ ታሽጎ፣ ከጎኑ በቁጥር የተደረደረ ክር። ከቤት ወጥቶ ከፒያሳ እስከ መርካቶ ሲዞር የሚያገኘው ግን ሌላ ነው፦ ማር ነጋዴ ዘንድ ቡናማ የንብ ሰም፣ በየሱቁ መብራት ሲጠፋ የሚለኮሰው ነጭ የፓራፊን ሻማ፣ ከቀናው ደግሞ አንድ ሰው ከውጭ በሻንጣ ያስገባው ጥቂት ሶያ። ሦስቱ በአንድ መመሪያ አይሠሩም። የሚቀልጡበት ሙቀት፣ የሚፈልጉት የክር ውፍረት፣ ሲቀዘቅዙ የሚያመጡት ጣጣ ለየቅል ነው። እኔን ብትጠይቁኝ እዚህ ከተማ ውስጥ መጀመር ያለበት ከንብ ሰም ነው። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፣ በሰምም ከዓለም ዋና ዋና አምራቾች ተርታ ትቆጠራለች፤ ቅርባችን ያለውን ትተን የሌለንን ፍለጋ የምንንከራተትበት ምክንያት አይታየኝም።

እሳቱና ውኃው

ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ውኃ ሲግል ይፈላል፣ ያስጠነቅቃል፤ ሰም ግን ዝም ብሎ ይግላል፣ ከዚያ ይጨሳል፣ ከዚያ ይያያዛል። ስለዚህ ሁልጊዜ ድስት ውስጥ ውኃ፣ ውኃው ውስጥ ደግሞ ሰሙን የያዘ ጣሳ ይቀመጣል። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፦ አፉን በአንድ በኩል በፒንሳ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ብትስቡት መቅጃ ይወጣለታል። ዝገት የጀመረውን ግን አትጠቀሙ። ጣሳው የድስቱን ወለል እንዳይነካ ከሥሩ የቆርቆሮ ክዳን ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ውኃ ላይ የተቀመጠ ሰም ደግሞ ከውኃው በላይ አይግልም። ለሻማ የሚያስፈልገው ሙቀት ሁሉ ከዚህ በታች ስለሆነ ችግር የለውም፤ ወደ 85 ለመድረስ ግን ጊዜ ይፈጃል። ትዕግሥት አልቆ ጣሳውን አንሥቶ ምድጃው ላይ ማስቀመጥ ነው አደጋው። ውኃው ተንኖ እንዳያልቅም በየጊዜው እየተመለከታችሁ ሙቅ ውኃ ጨምሩ።

ከእሳቱ አጠገብ ለጣሳውም ለድስቱም የሚገጥም ክዳን ይቀመጥ። ሰም ቢያያዝ ምድጃውን ማጥፋትና መክደን ብቻ ነው፤ ውኃ ከደፋችሁበት እሳቱ ወደ ጣሪያ ይወጣል። በከሰል የምትሠሩ ከሆነ ውጭ በረንዳ ላይ ይሁን፣ ከሰሙ የሚንጠባጠበው ፍሙ ላይ እንዳያርፍም ጣሳውን ስትቀዱ ከምድጃው ራቅ በሉ።

የማብሰያ ቴርሞሜትር ብትገዙ ገንዘባችሁ አይባክንም። ከሌለ ዓይናችሁን በጣሳው ዳር ላይ አድርጉ፦ ከእሳት ወርዶ ዳር ዳሩን ስስ ቆዳ መያዝ ሲጀምር ሰሙ ወደሚረጋበት ሙቀት ተቃርቧል ማለት ነው። ለንብ ሰም ይህ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ነው።

የንብ ሰም፦ ከመግዛት እስከ ማጥራት

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ቀልጦ፣ ተጣርቶ፣ በሣህን ቅርጽ የረጋ ነው። ሁለተኛው ሰፈፍ ነው፦ ጠጅ የሚጥሉ ሰዎች ከጋኑ አፍ ላይ የሚገፉት፣ ማር፣ የንብ ክንፍና የጌሾ ስባሪ ያለበት። ሰፈፍ ርካሽ ነው፤ የጠጅ ቤት ሰው የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይረክሳል። ሥራው ግን ይበዛል።

የተጣራውን ስትገዙ ፈትኑት። ፓራፊን ወይም ሞራ የተቀላቀለበት ሰም ብርቅ አይደለም። ጥፍር የምታህል ቁራሽ አኝኩ፦ ንጹሕ ሰም ይፍረከረካል እንጂ ጥርስ ላይ አይጣበቅም። ሞራ ያለበት ምላስ ላይ ቅባት ይተዋል፣ ሽታውም ይናገራል። ቁራሹን ስትሰብሩት ስብራቱ ፈዘዝ ያለና ሽርክት የመሰለ መሆን አለበት፤ የሚያንሸራትትና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጠርጥሩ።

ሌላው ፈተና በአረቄ ነው። የንብ ሰም አንድ ሚሊ ሊትሩ 0.96 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ፓራፊን 0.90 ገደማ። ጥሩ ዳግም አረቄ ደግሞ በሁለቱ መካከል 0.94 አካባቢ ላይ ነው። የአየር ቀዳዳ የሌለው ቁራሽ አረቄው ውስጥ ጣሉ፦ ንጹሕ የንብ ሰም ይሰጥማል፣ ፓራፊን የበዛበት ይንሳፈፋል። ውኃ የበዛበት ተራ አረቄ ከሆነ ሁለቱም ስለሚንሳፈፉ ባለሱቁን በከንቱ እንዳታሙት። ሞራ የተቀላቀለበትን ግን ይህ ፈተና በደንብ አይለየውም፤ ለዚያ ጥርስና አፍንጫ ይሻላሉ።

ሰፈፍ ለገዛ ሰው ማጥራቱ እንዲህ ነው፦

1. በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፋችሁ እያፈረሳችሁ እጠቡት። ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሙ፤ ማሩና አምቡላው የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

2. በስስ የጥጥ ጨርቅ ቋጥሩት። ቋጠሮውን ድስት ውስጥ አስቀምጣችሁ ከላዩ ድንጋይ ጫኑበት፣ እስኪሸፍነው ውኃ ሙሉበት። ክረምት ከሆነ የዝናብ ውኃ ተመራጭ ነው። የቧንቧ ከሆነ አንድ ማንኪያ አቼቶ ጨምሩበት፤ ውኃው ውስጥ ያለው ኖራ ሰሙን ወደ ሳሙናነት እንዳይወስደው ይረዳል። ድስቱ አሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። ተራ ብረትና መዳብ ሰሙን ያጠቁሩታል ወይም አረንጓዴ ያደርጉታል።

3. እሳቱ ለስለስ ይበል። ውኃው መፍላት የለበትም፤ ከተንፈቀፈቀ ሰምና ውኃ ተቀላቅለው ስፖንጅ የመሰለ ነገር ይሆናሉ። ቋጠሮውን በማማሰያ ጫን እያላችሁ ስታሹት ሰሙ በጨርቁ እየሾለከ ላይ ይንሳፈፋል።

4. እሳቱን አጥፍታችሁ ክደኑት፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ቀስ ብሎ በቀዘቀዘ ቁጥር ቆሻሻው ወደ ታች ለመውረድ ጊዜ ያገኛል።

5. ጠዋት ላይ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኖ ታነሡታላችሁ። ሆዱ ላይ የተጣበቀውን ግራጫ አተላ በቢላ ፋቁ። በጣም ከቆሸሸ ከቁጥር 2 ጀምራችሁ ድገሙት።

6. ደረቅ ጣሳ ውስጥ በውኃ ላይ መልሳችሁ አቅልጡና በሌላ ጨርቅ አጥልሉት። ከሥር የሚወጣው አረፋ እስኪቆም ድረስ እሳቱ ላይ ይቆይ። ያ አረፋ የቀረ ውኃ ነው። ካልወጣ ሻማው ሲበራ እየተንጣጣ ያስቸግራል።

ቢጫው ከጠፋ አትዘኑ። ከጠጅ የወጣ ሰም ጠቆር ማለቱ ጠባዩ ነው፣ ሲበራ የሚለየው ነገር የለም።

ክር፦ አብዛኛው ጥፋት ያለው እዚህ ነው

ሻማው ጨሰ፣ ጠፋ፣ መሐሉን ብቻ ቦርቡሮ ወረደ ሲባል ሰዉ ሰሙን ይረግማል። ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ጥፋቱ የክሩ ነው። ክር ፓምፕ ነው፦ የቀለጠውን ሰም ወደ ነበልባሉ ይስባል። የንብ ሰም ሲቀልጥም ወፍራም ፈሳሽ ስለሆነ ወፈር ያለ ክር ይፈልጋል። ፓራፊን እንደ ውኃ ስለሚቀጥን በቀጭን ክር ይረካል፤ ወፍራም ከተሰጠው ከሚችለው በላይ ይስብና ጥቀርሻ ይለቃል። ሶያ ወደ ንብ ሰም ይጠጋል።

በቁጥር የሚሸጥ የሻማ ክር ከሌለ የሸማኔ ጥጥ አለ። ሽሮ ሜዳ ወይም መርካቶ ሸማ ተራ ሄዳችሁ ቀለም ያልነካው ማግ ግዙ። ለጥለት የሚሆነው አንጸባራቂ ባለቀለም ክር አይሆንም። መሆኑን ለማረጋገጥ ጫፉን ለኩሱት፦ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ሸትቶ ዐመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሠራል።

ማጉን ጠምዝዞ ብቻ ክር ማድረግ ይቻላል፣ ጧፍ ሲሠራ የኖረው እንዲያ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ለሚሠራ ሻማ ግን በሦስት ጎንጉኑት። እ.ኤ.አ. በ1825 ካምባሴሬስ የተባለ ፈረንሳዊ የተጎነጎነ ክር ከማምጣቱ በፊት የአውሮፓ ሻማ በየጊዜው በመቀስ ካልተቆረጠ ይጨስ ነበር። የተጎነጎነው ሲነድ ጫፉ ወደ ጎን ይታጠፍና ከነበልባሉ ወጥቶ ራሱን ያቃጥላል። ጉንጉኑ ጠበቅ ይበል፣ ግን ድንጋይ አታድርጉት፤ በጣም ከጠበቀ ሰም አያሳልፍም።

ጉንጉኑን ከመጠቀማችሁ በፊት የቀለጠ ሰም ውስጥ ንከሩት። አየሩ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፤ ሲያቆም አውጡት፣ በሁለት እጅ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ወጥሩና ቀጥ ብሎ እስኪደርቅ ያዙት። ለታችኛው ጫፍ ከመለዋወጫ ሱቅ የሚገኝ ትንሽ ሮንዴላ እሰሩበት። ክሩን ወለሉ ላይ ያቆማል፣ ሻማው ሲያልቅም ነበልባሉ መስተዋቱን እንዳይነካ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል።

ውፍረቱን የሚወስነው ሙከራ ነው። አንድ ዓይነት ሦስት የሻይ ብርጭቆ ወስዳችሁ አንዱን በ6፣ አንዱን በ9፣ አንዱን በ12 ማግ ሥሩና አንድ ላይ ለኩሱ። የብርጭቆው ስፋት በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ሰዓት ተብሎ ይታሰባል፦ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በሁለት ሰዓት ውስጥ የቀለጠው ዳር መድረስ አለበት። ሳይደርስ ቀርቶ ጉድጓድ ከቆፈረ ክሩ ቀጭን ነው። ቀድሞ ደርሶ ነበልባሉ ከዘለለና ከጠቆረ ወፍራም ነው። ውጤቱን ከሰሙ ዓይነት ጋር ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ሰም በለወጣችሁ ቁጥር ሙከራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

የንብ ሰም ማፍሰስና መንከር

ብርጭቆው ስንት እንደሚይዝ ለማወቅ ሻማው እንዲደርስ የምትፈልጉበት ድረስ ውኃ ሙሉና ውኃውን መዝኑ። ያንን በ0.9 ብታባዙ የሚበቃችሁን ሰም በግራም ታገኛላችሁ፤ 150 ግራም ውኃ ከያዘ 135 ግራም ሰም ማለት ነው። ለንብ ሰም ጥቂት ግራም ትርፍ አቅልጡ። ብርጭቆው በደንብ የደረቀና ሞቅ ያለ ይሁን፣ ክሩ በሁለት ስቴኪኒ መሐል ተይዞ ቀጥ ብሎ ይቁም። ብርሌ ያምራል፣ ግን አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እሳቱ ይታፈናል፣ መስተዋቱም ይሰነጠቃል።

ሰሙን በ70 እና በ75 ዲግሪ መሐል ቅዱ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማቀዝቀዝን ማዘግየት ነው። የንብ ሰም ሲረጋ በጣም ይኮማተራል፤ በቶሎ ከቀዘቀዘ ፊቱ ይሰነጠቃል ወይም ከመስተዋቱ ይላቀቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት የአዲስ አበባ ቤት ወለል እንዴት እንደሚበርድ ታውቁታላችሁ። ብርጭቆዎቹን በፎጣ ላይ ደርድሩ፣ ካርቶን ድፉባቸው፣ እስኪነጋ አትንኩ።

በብርጭቆ ውስጥ ንጹሕ የንብ ሰም ብቻውን ዳሩን አልቀልጥ ካለ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚረጋ የኮኮናት ዘይት ቀላቅሉበት፤ ይለዝባል። የምግብ ፈሳሽ ዘይት አይተካውም።

ለኔ ግን የንብ ሰም መልኩ የሚወጣው ያለ መስተዋት ነው፣ በመንከር። ረዘም ያለ ጣሳ ውስጥ ሰሙን ከ68 እስከ 72 ዲግሪ ያዙት። የክሩ ታች ሮንዴላ ይታሰርበት። የመጀመሪያው ንክር ረጅም ነው፣ አረፋው እስኪቆም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጠልቆ መውጣት ብቻ ነው። ማቆየት የለም፤ ካቆያችሁት አዲሱ ሰም የቀድሞውን ያቀልጠዋል፣ ሻማውም ከመወፈር ይልቅ ይከሳል። በየንክሩ መሐል አንድ ሁለት ደቂቃ ይንጠልጠል። ላዩ ነጥብ ነጥብ ካወጣ ሰሙ በርዷል። ገና ለብ እያለ ለስላሳ እብነ በረድ ላይ ብታንከባልሉት ቀጥ ይላል። ለጧፍ ጥቂት ንክር ይበቃል፤ የጣት ውፍረት ላለው ገበታ ላይ ለሚቆም ሻማ ከ20 በላይ ያስፈልጋል። ጣሳው ውስጥ ያለው ሰም እየጎደለ ሲሄድ የሻማው አናት ሳይነከር እንዳይቀር ሰም እየጨመራችሁ ሥሩ።

ከሳምንታት በኋላ ላዩ ላይ ነጭ ብናኝ ከታየ ሻጋታ አይደለም። በለስላሳ ጨርቅ ሲያሹት ይጠፋል። እንዲያውም ሰሙ ንጹሕ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ፓራፊን

ፓራፊን ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣ ሰም ነው። እንደ ዓይነቱ ከ46 እስከ 68 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀልጣል፤ የሱቁ ነጭ ሻማ ከመካከለኛው ላይ ነው። ጥሬ ፓራፊን ካጣችሁ ያንኑ ሻማ ሰባብራችሁ አቅልጡ፣ ክሩን ልቀሙ። «ፓራፊን መርዝ ነው፣ የንብ ሰም አየር ያጠራል» የሚለውን የሻጮች ወሬ ግን አልቀበልም። ረጅም ክር ያለው ሻማ ከየትኛውም ሰም ቢሆን ጥቀርሻ ያወጣል፤ ክሩ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከተቆረጠና ከነፋስ ከራቀ ሁሉም በአግባቡ ይበራሉ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ ሰም ለማቅጠን ነጭ ጋዝ የሚጨምር አለ፣ እሳት መጥራት ነው፣ አታድርጉት።

ለቅርጽ ማውጫ በ80 እና በ85 ዲግሪ መሐል፣ ለብርጭቆ ከ65 እስከ 75 ላይ ቅዱ። ፓራፊን የሚታወቅበት ችግር ክሩ ዙሪያ የሚሠራው ጉድጓድ ነው። ከሰዓት ያህል በኋላ፣ ላዩ ረግቶ ውስጡ ገና ለስላሳ ሳለ፣ ክሩ አጠገብ በወፍራም መርፌ ሦስት አራት ቦታ ውጉት፤ ያስቀራችሁትን ሰም ከፊተኛው ትንሽ አግላችሁ ሙሉበት። ከመጀመሪያው ልክ እንዳያልፍ፤ ካለፈ ዳሩ ውስጥ ገብቶ ሻማው ከማውጫው እንቢ ይላል።

ጠንካራና ወተት የመሰለ እንዲሆን ከመቶ ግራም ሰም እስከ 10 ግራም ስቴሪን (ከስብ የሚወጣ ሰም መሰል ጠጣር) ይጨመራል። ቀለም ሲፈለግ በዘይት የሚሟማውን ብቻ ተጠቀሙ። የኬክ ቀለም ውኃ ስለሆነ ከሥር ይዘቅጣል፤ የልጆች ክሬዮን ደግሞ ያምራል፣ ግን ደቃቁ ክሩን ይደፍነዋል።

ሶያና ሌሎቹ

የሶያ ሰም ሃይድሮጅን ተጨምሮበት የረጋ የሶያ ዘይት ነው፤ ለሻማ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው። የብርጭቆው ዓይነት በ50 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ያለ መያዣ አይቆምም። መዓዛ ዘይቱን በ80 አካባቢ ጨምራችሁ ሁለት ደቂቃ ያህል አማስሉ፣ ወደ 60 ወርዶ ሲደበዝዝ ቅዱ። በብርድ ቤት ውስጥ ላዩ እንደ አመዳይ ነጣ ይላል፤ ጉዳት የለውም፣ ካስጠላችሁ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጉት። መዓዛው ከሰሙ ጋር እንዲስማማ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ተከድኖ ይቀመጥ። የኮኮናት ሰም ብቻውን በጣም ይለሰልሳል፣ የዘንባባው ሲረጋ ክሪስታል ይሠራል፤ እዚህ ፈልጎ ለማግኘት የሚያስደክሙ ስለሆኑ አልዘገይባቸውም።

ሽታ

ለፓራፊንና ለሶያ ከመቶ ግራም ሰም 6 ግራም መዓዛ ዘይት በቂ ነው። ለንብ ሰም የራሱ የማር ሽታ ይበቃዋል፤ ካስፈለገ ከ3 ግራም አትለፉ። የጠጅ ሣርና የባሕር ዛፍ ዘይት ጥሩ ናቸው። ሽቶ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግን አልኮል ስለሆነ የሚነድ ነገር ነው፣ አይገባም። የዕጣን ዱቄት መነስነስም ሆነ ለፎቶ ብሎ የቡና ፍሬና የደረቀ አበባ ላዩ ላይ መደርደር አይሆንም፦ ዱቄቱ ክሩን ይደፍናል፣ ፍሬው ሰሙ ሲቀልጥ ተንሳፍፎ ክሩ ላይ ይደርስና ሁለተኛ ክር ሆኖ ይነዳል።

የተረፈውና የፈሰሰው

የቀለጠ ሰም ማጠቢያ ውስጥ አይደፋም፤ ቧንቧው ውስጥ ይረጋና ቧንቧ ሠራተኛ ያስጠራል። ጣሳውን ገና ትኩስ እያለ በጋዜጣ ጥረጉት፣ ቁርጥራጩን በሰሙ ዓይነት ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ፓራፊንና የንብ ሰም አንድ ከረጢት ውስጥ ከገቡ ያንን የክር ሙከራ ትደግማላችሁ። ነጠላ ላይ የተንጠባጠበውን እንዲቀዘቅዝ ትታችሁ በጥፍር አንሡት፣ ከዚያ ከላይና ከታች ወረቀት አድርጋችሁ ለብ ባለ ካውያ ተኩሱት፤ ወረቀቱ ሰሙን ይመጥጣል፣ እስኪደርቅ ድረስ ወረቀቱን ቀይሩ።